በዘጠኝ እግሩ የማይቆም ዕቃ

ትናንት ማታ ደብረ ማርቆስ፣ የሠርግ ድንኳን ውስጥ፣ ትዝታን ልጀምር ስል የጊታሬ ድምፅ ጠፋ። የጊታሩን ድምፅ የሚቀይረውን፣ በእግር የሚረገጠውን ሣጥን፣ ፔዳሉን፣ ደግሜ ረገጥሁት። ዝም! በሦስተኛው አምፕሊፋየሩ ጮኸ፤ ሙሽሮቹ ዞረው አዩኝ።

ቤት ገብቼ ሣጥኑን ፈታሁት። ጥፋተኛው የሚረገጠው፣ ዘጠኝ እግር (ሽቦ የሚበየድበት ጫፍ) ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ስበይደው ፕላስቲኩ ለስልሶ ኖሮ አንዱ እግር ዘሟል። «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ይኸው ነው! በስድስት ወር ሦስተኛው!

ሰው በሙሉ ክብደቱ የሚረግጠው ዕቃ እንዴት እንዲህ ይሠራል? የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድበው ሬዚስተር ይርከስ፣ አልጣላም፤ መጠኑ እስከ 5 በመቶ ሊዛነፍ የሚችለው ተራ ሬዚስተር ዓመታት ያገለግላል። የሚረገጠው፣ የሚዞረው፣ የሚሰካው ግን? የድምፅ መቆጣጠሪያውን ሳዞረው ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ይንጣጣል። መሰኪያው ገመዱን አይዝም ብሏል። አይሲው (ድምፁን የሚያጎላው ትንሽ ቺፕ) ላይ የታተመው 4558 የሚል የዓይነቱ ቁጥር እንኳ በአውራ ጣቴ ባሸው ለቀቀ። ታዲያ ውስጡ ምንድን ነው?

ለደህናው ዕቃ አዲስ አበባ ድረስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ አለብኝ። እሄዳለሁ፤ እጥፍም እከፍላለሁ። ግን ርካሹን «ርካሽ ነው» ብሎ መሸጥ ምን ይከብዳል? የትናንቱን ሠርግስ ማን ይመልስልኛል?