ቅቤው ከመቀባቱ በፊት ራሱ ይታይ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ። ታናሽ እህቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጎረቤታችን ሹሩባ ትሠራታለች። ሚዶው ፀጉሯን በከፈለ ቁጥር ቢጫ የመሰለ ወዛም ቅርፊት ከራስ ቆዳዋ እየተነሣ ጥቁር ሹራቧ ላይ ይራገፋል። ከጆሮዋ ጀርባ ያለው ቆዳ ደግሞ ከዙሪያው ፈዝዞ ይታያል። ጎረቤታችን እጇን ሳታቆም "ድርቀት ነው እታለም፤ ለጋ ቅቤ ጠገብ አድርጊበት" አለቻት። አደረገች። በሦስተኛው ቀን ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ ግንባሯ ላይ ሲወርድ፣ እህቴ በሻሿ ሥር እስክሪብቶ ሰድዳ ራሷን ስታክ አገኘኋት።

ድርቀት አልነበረም። ሐኪም ሲያያት ሴቦሪክ ደርማታይተስ አለው፤ የራስ ቆዳ ችፌ ነው። ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ በሁላችንም ቆዳ ላይ ይኖራል፤ የሚመገበውም የቆዳችንን ወዝ ነው። ወዙን ፈጭቶ የሚተወው ቅሪት የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያስቆጣዋል፤ ያን ጊዜ ቆዳው ያሳክካል፣ ከልኩ በላይ እየፈጠነም ይላጣል። ፎረፎር የምንለውም የዚሁ ሕመም ቀለል ያለ መልኩ ነው። በቅባት በሚኖር ፈንገስ ላይ ቅቤ መደራረብ ነገሩን ማባባስ ነው።

ቅቤን ልነቅፍ አልተነሣሁም። ጎጃም ውስጥ ሙሽራም አራስም ያለ ቅቤ አትታሰብም፤ የእናቴ እጅ ራሴ ላይ ያለው ትዝታዬም የቅቤ ሽታ አለው። የምለው አንድ ነገር ነው፤ የሚያሳክክ ራስ ሁሉ አንድ ሕመም የለውም፤ ስለዚህ ምንም ከመቀባቱ በፊት ይታይ።

ልዩነቱ ከባድ ጣጣ አለውና። ልጅ ፀጉሩ ክብ ክብ ሆኖ ከተሰበረና ከተመለጠ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ቆረቆር ከልጅ ወደ ልጅ በማበጠሪያ፣ በኮፍያና በፀጉር መቁረጫ ማሽን ይተላለፋል። ይህን የሚያመጣው ሌላ ዓይነት ፈንገስ ፀጉሩ ሥር ስለሚገባ ቅባት አይደርስበትም፤ እንደ ግሪሶፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ይፈልጋል። ችፌ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እኛ ቤት የሆነው ግን ተገላቢጦሽ ነበር፤ ችፌ ላለባት እህቴ ማበጠሪያ ተለየ፣ በዚያው ሰሞን ቆረቆር የያዘው የአክስቴ ልጅ ከወንድሞቹ ጋር በአንድ ኮፍያ ይፈራረቅ ነበር። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፀጉር በጠቆረ ማግስት ራስ ካቃጠለና ዐይን ካበጠ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ቀለሙ ይሁን። በጨቅላ ሕፃን ራስ ላይ የሚጋገረው ቅርፊት አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይለቃል፤ በጥፍር አይነሣ።

የሚያናድደኝ ሌላው ነገር ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ቱቦ ነው። ለአንዷ የታዘዘ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት መንደሩን ያዳርሳል። በሐኪም ትእዛዝ፣ ለአጭር ጊዜ ከሆነ ማሳከኩን ያበርዳል። ያለ ልክ ሲቀባ ቆዳ ያሳሳል፤ ቆረቆር ላይ ሲቀባ ደግሞ መልኩን ደብቆ ያስፋፋዋል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ በሎሚ መለሰንም እንዲሁ ነው፤ የቆሰለ ራስ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል።

እህቴን የረዳት ባለ 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ሻምፖ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአራት ሳምንት ታጠበችበት። አረፋው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆዳው ላይ መቆየት አለበት፤ ቶሎ ካለቀለቁት ዋጋ የለውም። ሹሩባው ሳይፈታ ላይ ላዩን ማፍሰስም ያው ነው፤ መድኃኒቱ የሚፈለገው ቆዳው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ መታጠቧን ቀጠለች። ሕመሙ የመመለስ ጠባይ አለው፤ በተለይ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ሲበዛ። ብዙዎች ሲመለስባቸው "መድኃኒቱ አልሠራም" ብለው ይተዉታል።

መጻሕፍቱ ምልክቱን "መቅላት" ይሉታል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ብዙም አይለይም፤ የሚታየው የፈዘዘ ወይም የጠቆረ ቦታ ነው። "አልቀላምና ደህና ነኝ" ማለት አይሠራም። በድንገት በርትቶ ፊትና ደረት ላይ የወረደ፣ በሕክምናም አልበርድ ያለ ችፌ ካለ የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም እንዲህ ይበረታል።

ግን ሰው ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት ያፍራል። ሥጋ ደዌን በሚያስታውስ አገር የቆዳ ሕመም ሁሉ ያስፈራል፤ ስለዚህ ሻሽ ይታሰራል። ሻሹ የሚፈታው ሹሩባ ሠሪዋ ዘንድ ብቻ ነው። ከማንም በፊት የምታየው እሷ ናት፤ ለወንዶቹም ፀጉር አስተካካዩ። በየቀበሌው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሠፈር ውስጥ ያሉትን ሹሩባ ሠሪዎችና ፀጉር አስተካካዮች ሰብስበው ግማሽ ቀን ቢያስተምሯቸው እላለሁ፤ ቆረቆር ምን ይመስላል፣ ሚዶና ማሽን እንዴት ይጸዳል፣ ማን ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ሕንፃ አይጠይቅም፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

ጎረቤታችን ለመስማት ጊዜ አልወሰደባትም። ባለፈው ስትመጣ የእህቴን ራስ ወደ ብርሃኑ አዘንብላ ከጆሮዋ ጀርባ አየች፤ ቅቤውንም ቆዳዋን ሳታስነካ ከጉንጉኑ ወገብ ጀምራ እስከ ጫፉ ቀባችው።