ለሥራ ፈቶች ብቻ አይደለም

«ስደተኛ ለመርዳት በነፃ የሚሠራው ሥራ ያጣ ሰው ነው፤ ለራሱም ምንም አያተርፍም» ላልከው ወንድሜ፦ ኧረ ተው! የማውቃት የድሬ ልጅ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሶማሊያ ለመጡ እናቶች አማርኛ ታስተምራለች። እነሱ ደግሞ ሻይ በሄል እየቀዱ ሱማሊኛዋን ያርሙላታል። ስትሳሳት ሳቃቸው እስከ ውጭ ይሰማል። አሁን ቀፊራ ገበያ ያለ አስተርጓሚ ዋጋ ትከራከራለች። ሰው ፊት ቆማ ማውራት የምትፈራ ልጅ ነበረች እኮ! የባጃጁ ሒሳብ ከኪሷ ነው፤ እሱን አልክድም።

«ስደተኛው እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል» ያልከውም አያስኬድም። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኞች ሠርተው የመኖር መብት እንዲኖራቸው አድርጓል። ከተማሪዎቿ አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፤ አማርኛውን የምትፈልገው ከደንበኛ ጋር ለመግባባት ነው።