ኩሬ ጣና አይደለም

ሰሞኑን ጎጃም ውስጥ በአንድ ወረዳ ለዓሣ አርቢ ገበሬዎች የተላለፈው መመሪያ ጉድ ነው። ጫጩት ከተለቀቀ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ከኩሬ ዓሣ ማውጣት ተከለከለ። ምክንያቱ «ዓሣው በደንብ እንዲራባ» ነው አሉ። ሌላ ዓሣ የሚበላውን አምባዛ፣ ገበሬው ኩሬው ውስጥ ከሚያረባው ዓሣ ከቀረሶ ጋር ቀላቅሎ ማርባትም «ቀረሶውን ይጨርሰዋል» ተብሎ ቀረ። ሰውየው በገዛ መሬቱ ቆፍሯል፣ ፕላስቲክ አንጥፏል፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ እየገዛ ይቀልባል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

«እንዲራባ»! ቀረሶ ያረባችሁ ሰዎች ሳትስቁ አልቀራችሁም። ለመሆኑ ቀረሶ መራባት መቼ ቸግሮት ያውቃል? የውሃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ካለፈለት ገና በጥቂት ወሩ ለመራባት ይደርሳል። ሴቷ እንቁላሏን የምታስፈለፍለው አፏ ውስጥ ይዛ ነው። በመረብ አውጥታችሁ አፏን ከፈት ብታደርጉት፣ ዓይን ብቻ የሚመስሉ ጫጩቶች መዳፋችሁ ላይ ይረግፋሉ። እነሱን ካሳደገች በኋላ ብዙም ሳትቆይ ትደግማለች። በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ማለት ነው።

እስቲ እናስላው። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ኩሬ 100 ካሬ ሜትር ነው። በካሬ ሜትር ሁለት ቢለቀቅ 200 ጫጩት ገባ። ዓመት ጠብቁ ከተባለ ልጆቹም ወልደው የልጅ ልጅ ይደርሳል። ዓሣው ሺህ ሲገባ ኩሬው ግን ያው 100 ካሬ ነው። መኖውም ያው ነው፣ ውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅንም ያው። ማለዳ ኩሬው ዳር ብትቆሙ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ሲፈልጉ ታያላችሁ። መረብ ሲጣል የሚወጣው ጭንቅላቱ የተለቀ፣ ጎኑ የሳሳ፣ ርዝመቱ ጣት የሚያህል ነገር ነው። በዚያ ቁመቱ እንኳ ሆዱ ውስጥ እንቁላል አለ! እድገቱን ትቶ መውለዱን ተያይዞታል። ዓመት የተጠበቀው ለዚህ ነው? ይኼን ባሕር ዳር ወስዶ ለማን ይሸጠዋል?

የሜጫ ገበሬ በቆሎው ሲታፈግ ያሳሳዋል። «ይብዛ፣ አትንካው» የሚለው ባለሙያ ቢመጣ ከማሳው ያባርረዋል። ኩሬ ላይ ሲሆን ግን ብዛት ልማት ተባለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሪፖርት ላይ «200 ነበረ፣ 3,000 ደረሰ» ብሎ መጻፍ ደስ ይላል። ኪሎ የሚጠይቅ የለማ!

አምባዛው ደግሞ ይባስ። «ቀረሶውን ይበላዋል» ይሉናል። አዎ፣ ይበላዋል! የምንፈልገውም ለዚያ ነው። ቀረሶው መጀመሪያ ገባ ይላል፣ ከአምባዛው አፍ የሚተርፍ መጠን ላይ ይደርሳል። ከዚያ ጥቂት ትንንሽ አምባዛ ይለቀቃል። የማይውጠውን ትልቁን ትቶ የሚተናኮለው ትርፉን ጫጩት ነው። መኖው ለተረፉት ይበቃል፣ እነሱም ይወፍራሉ። በመጨረሻ አምባዛውም ራሱ ይሸጣል። መድኃኒቱን እንደ በሽታ አይቶ መከልከል ምን የሚሉት ባለሙያነት ነው? ቀረሶን በአምባዛ መቆጣጠር እኮ ዓለም ከተጠቀመበት ቆየ።

ጫጩት በለቀቀ በሳምንቱ መረብ የሚጥል ችኩል ካለ ይከልከል፣ አልጣላም። ከአምስት ከስድስት ወር በኋላ ግን ኩሬው መነካት አለበት። እንደ ደብረ ማርቆስ ብርድ በሚበዛበት ደጋ ውሃው ስለሚቀዘቅዝ እድገቱ ይዘገያል፣ ጊዜውም ይረዝማል። ለቆላውም ለደጋውም አንድ ቀን የቆረጠ መመሪያ ይኼንንም አላየውም።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከጣና ነው የተቀዳው። ጣና ላይ ችግሩ የዓሣ ማነስ ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል ነጭ ዓሣ የሚባለው የዓሣ ዓይነት ብዛት በ75 በመቶ ገደማ እንዳሽቆለቆለ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ነጭ ዓሣ ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣል፤ መረብ የሚጠብቀውም እዚያው መንገዱ ላይ፣ የወንዙ አፍ ላይ ነው። እዚያ መከልከል ግዴታ ነው። ኩሬ ላይ ግን ችግሩ መብዛት ነው። የማነስን ሕግ ለመብዛት ማዋል እንዴት ታሰበ?

መመሪያው ይነሣ። ገበሬው በራሱ ጊዜ ያውጣ፣ ይሽጥ፣ አምባዛውንም ይልቀቅ። ጾም ሲገባ ዓሣ ፈላጊው የት እንደሚደርስ እናውቃለንና ያን ጊዜ እጁን አትያዙበት። መከልከል የናፈቀው ኃላፊ ደግሞ ነሐሴ ላይ ግልገል አባይ ጣናን ወደሚቀላቀልበት ይውረድ። የሚከለከል መረብ እዚያ አያጣም።