ቦታችሁን ባላየ ሰው ፕላን አታሠሩ

ወገኖቼ፣ እስቲ በግልጽ እንነጋገር። ሴራሚክ ለመምረጥ መርካቶን ሦስት ቀን ትዞራላችሁ። ለበር እጀታ ትከራከራላችሁ። ፕላን ላይ ስትደርሱ ግን «ጎረቤቴ ያሠራው አለ፣ እሱኑ ስሙን አስቀይሬ አስገባለሁ» ትላላችሁ። ኧረ ተዉ!

የእህቴን ቤት ልንገራችሁ። አረብ አገር ለፍታ በላከችው ገንዘብ ጂ ፕላስ ዋን ጀመርን። ፕላኑን የሠራው ልጅ አውቶካድ የሚሉትን የኮምፒውተር መሣያ ይነካካል እንጂ ሙያውን አልተማረም፣ ቦታውንም መጥቶ አላየም፣ የካርታውን ፎቶ በቴሌግራም ልከንለት በሁለት ቀን ጨርሶ ሰጠን፤ እኛም ረከሰልን ብለን ደስ አለን። ደረጃው የሚወጣው 3 ሜትር ነው። እሱ የሳለው 14 ደረጃ። አካፍሉት፣ አንዱ ከ21 ሴንቲ ሜትር በላይ ይመጣል። ወደ 17 ሴንቲ ዝቅ እንዲል 18 ደረጃ ያስፈልግ ነበር፣ ለዚያ የሚሆን ቦታ ግን አልተተወለትም። ቤቱን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ሴክሽኑን፣ ስላልሣለ ይህን ማንም አላየውም፤ ፎርማኑ የነቃው ፌሮው ታስሮ ካለቀ በኋላ ነው። እናታችን ጉልበቷን ያማታል። ልጇ የሠራችላትን ፎቅ አንድ ቀን ግድግዳ ይዛ ወጥታ አየችው፣ ከዚያ ወዲህ ታች ሳሎን ነው የምትተኛው።

የኛስ ደረጃ ነው። የጎረቤትን ፕላን ስትቀዱ መሠረቱንም አብራችሁ ትቀዳላችሁ። እሱ ድንጋይ ላይ ሠርቶ ይሆናል፣ የናንተ መረሬ፣ ያ ጥቁሩ ጭቃማ አፈር ቢሆንስ? መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም ይዞት ይሄዳል። በ2017 ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ቤታችንን ሲነቀንቅ ስንቶቻችን ልጅ አቅፈን ወጣን? የዚያን ሌሊት የኮለናችሁን፣ የቤቱን ምሰሶ፣ ፌሮ ማን እንዳሰላው ታውቁ ነበር?

ድራፍትስማን ይስላል፣ ፌሮና ኮለን የሚያሰላው ኢንጂነር ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ። ሥዕሉን ሳያይ ማህተም ብቻ የሚመታላችሁን ሰውማ ጨርሶ ሽሹት፤ ማዘጋጃ ቤት ወረቀቱ ያልፍላችሁ ይሆናል፣ ቤቱ ውስጥ የሚያድረው ግን ልጃችሁ ነው። የሕንፃ አዋጁ በ2001 ሲወጣ ያለ ፈቃድ ግንባታ አይጀመር ያለው ሊያንገላታችሁ አይደለም።

ሙያውን የሚያውቅ ሰው ገና ሳይስል በጥያቄ ያደክማችኋል። ወደፊት ፎቅ ትጨምራላችሁ? አዛውንት አብሮ ይኖራል? ሴፕቲክ ታንኩ የት ይቀመጥ? የጎርፉ ውሃ በየት ይወጣል? ይህን ሲጠይቃችሁ አትሰልቹ፣ ቁጭ ብላችሁ መልሱለት፤ ከዚህ በፊት ሥሎ የተሠራ ቤት ካለም አብራችሁ ሄዳችሁ ደረጃውን ውጡ፣ ውረዱ። ሜትር ይዞ ግቢያችሁ ላልገባ ሰው ግን ቀብድ አትስጡ።