ጥለቱን ያደበዘዘው ማን ነው?

ዋሽንግተን ተቀምጣ ከሽሮ ሜዳ ቀሚስ የምታዝ ሴት የምትመርጠው ጨርቁን ዳስሳ ሳይሆን ፎቶውን አይታ ነው። ልብሱ ሲደርሳት ታዲያ ጭቅጭቁ ይጀመራል። «ይሄ እኮ ያሳየሽኝ ከለር አይደለም!» ነጋዴዋም የላከችው ያንኑ መሆኑን ትምላለች። ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን ነው ባይ ነኝ፤ ፎቶው የተነካካው መንገድ ላይ ነው።

ስልክ 4032 በ3024 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) አድርጎ ያነሳውን ምስል ቴሌግራም በተለመደው መንገድ ሲልከው ለዓመታት ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ሲያወርደው ኖሯል። ከአስር ፒክስል የሚተርፈው አንዱ ገደማ ነው። ጥለት ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። የሰው ዓይን ከቀለም ይልቅ ብርሃንና ጥላን አጥርቶ ስለሚለይ፣ ጄፔግ የሚባለው የተለመደው የፎቶ ፋይል መጠኑ እንዲያንስ ሲጨመቅ ብርሃኑ ለየፒክስሉ ይያዝና ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ ለአራት ፒክስል አንድ ብቻ ይመዘገባል። ሰማይ ወይም ግድግዳ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። ነጭ ሸማ ላይ ያለ ቀጭን ቀይ ክር ግን ይጠወልጋል፤ አጠገቡ ያለው ነጭም ሮዝ ይነካካዋል። ያው ፎቶ ከአንዱ ቻናል በስክሪንሾት ተወስዶ ሌላው ላይ ሲለጠፍ እንደገና ይጨመቃል። (የሰው ፎቶ ወስዶ የራስ አስመስሎ መሸጡ ሌላ ጉድ ነው።)

እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው አይፎን 7 ወዲህ ያሉ አይፎኖች ደግሞ ኤስአርጂቢ ከሚባለው የተለመደ የቀለም ክልል (ምስል ሊይዛቸው ከሚችላቸው ቀለሞች ስብስብ) የሰፋ ክልል ይጠቀማሉ። የትኛው ክልል እንደሆነ የሚናገረው መረጃ ፋይሉ ውስጥ አለ። አንድ ድረ ገጽ ቀለሙን ሳያስተካክል መረጃውን ቆርጦ ከጣለው ደማቁ ቀይ ፈዞ ይወጣል።

መጨመቁን አልቃወምም። ካርድ እየሞላ ዳታ ለሚገዛ ሰው ለእያንዳንዱ ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ማውረድ ቅጣት ነው። የሚያናድደኝ መተግበሪያዎቹ ሳይናገሩ ማድረጋቸው ነው። ዋትስአፕ ኤችዲ (ከፍ ያለ ጥራት) የሚል ምርጫ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ እሱም ቢሆን ይጨምቃል። «ይህ ፎቶ ጥራቱ ተቀንሶ ይላካል» የሚል አንድ መስመር ማሳየት ምን ይከብዳል?

ነጋዴዎችም ቢሆኑ ነፃ አይደሉም። ቻናል ላይ የሚለጠፈው ለማስታወቂያ ይበቃል። ቀብድ ከመቀበላቸው በፊት ግን የጥለቱን ፎቶ በቀን ብርሃን፣ ከቅርብ አንስተው፣ «ፋይል» በሚለው በኩል መላክ አለባቸው፤ በዚያ መንገድ ሳይነካ ይደርሳል። ይህን ያላደረገች ነጋዴ በኋላ «ቴሌግራም ነው ያበላሸው» ብትል ምክንያቷ አይዋጥልኝም።