ካርቶኑን ተዉትና ጨዋታውን ንገሩን!

ኧረ እናንተ የቦርድ ጌም (ጠረጴዛ ላይ በሰሌዳና በካርድ የሚጫወቱት ጨዋታ) ሪቪው ቪዲዮ የምትሠሩ ሰዎች፣ ካርቶን መክፈቱን ቀነስ አድርጉና ስለ ጨዋታው አውሩልን! ቪዲዮው ተጀምሮ እስኪጋመስ ድረስ ላስቲክ ሲቀደድ፣ ካርድ ሲዳሰስ፣ የጭራቅ ምስል ወደ ካሜራ ሲጠጋ ነው። ከዚያ መመሪያው ይነበብና «በጣም አሪፍ ነው፣ 9 ከ10» ተብሎ ያልቃል። ስንት ጊዜ ተጫወታችሁት? ስንት ሆናችሁ? ያሸነፈው ሰው በምን አሸነፈ? ጭጭ።

እዚህ አዲስ አበባ ላለነው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ገልበጥ አድርጎ አይቶ፣ ሞክሮ የሚገዛበት ሱቅ እንደልብ የለም፤ ጨዋታ የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው። ግሉምሄቨን የሚባለው ጨዋታ ብቻውን ወደ 10 ኪሎ ይመዝናል። ከአሜሪካ የምትመጣ አክስትን ከሻንጣዋ ላይ ልብስና ጫማ አስቀንሶ ጨዋታ ማስያዝ ምን ያህል እንደሚያሳቅቅ የለመነ ያውቀዋል። መጥቶ ካልጣመንስ ለማን ይመለሳል?

የዊንግስፓንን ነገር እንኳ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የወፎች ጨዋታ ነው። ሁሉም የሚያወራው ስለ ባለቀለም እንቁላሎቹ ነው። ያምራሉ፣ አልካድኩም። ግን ጨዋታው አራት ዙር አለው፤ እያንዳንዱ ሰው በመጀመሪያው ዙር 8 ጊዜ፣ ከዚያ 7፣ ከዚያ 6፣ በመጨረሻው 5 ጊዜ ይጫወታል። ድምሩ 26 ነው። አምስት ሰው ከተቀመጠ 130 ተራ ማለት ነው! ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ግን ከ40 እስከ 70 ደቂቃ ነው። የየወፉን ካርድ ቀስ ብሎ የሚያነብ አዲስ ሰው መሃላችን ካለ፣ 70 ደቂቃው ገና ሁለተኛው ዙር ላይ እያለን ያልቃል። ለሁለትና ለሦስት ሰው ግሩም ጨዋታ ነው፤ ለአምስት ግን አልገዛውም። ይሄን የሚነግረን ሰው ነው ያጣነው።

በውበት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ቴራፎርሚንግ ማርስን ማን ይገዛው ነበር? እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ ማርስን ለሰው መኖሪያ የማድረግ ጨዋታ ነው። የየተጫዋቹ ሰሌዳ ስስ ነገር ነው፤ ገቢያችንን የሚያሳዩት ትንንሽ ኩቦች ምንም ሳይዛቸው እላዩ ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ ጠረጴዛውን በክርኑ ነካ ካደረገው ኩቡ ሁሉ ይንሸራተታል፤ «የኔ የብረት ገቢ አራት ነበር»፣ «አይ፣ ሦስት ነው» ጭቅጭቅ ይጀመራል። ጨዋታው ግን ሌላ ነው! ሁሉም የማርስን ሙቀት ከዜሮ በታች ከሆነ 30 ዲግሪ ከዜሮ በላይ ወደ 8፣ ኦክስጅኑን ወደ 14 በመቶ እየገፋ፣ በዚያው ልክ እያንዳንዱ ለራሱ ነጥብ ይሻማል። ከ200 በላይ የፕሮጀክት ካርዶች ስላሉት በየጊዜው አዲስ መንገድ ይከፈታል። ይሄ ደጋግመው ሲጫወቱት ነው የሚገባው፤ ካርቶን በመክፈት አይታወቅም።

እኛ የምንፈልገው ብዙ አይደለም። ሕጉን ለአዲስ ሰው ለማስረዳት ስንት ደቂቃ ፈጀባችሁ? ወደ ኋላ የቀረ ሰው የማሸነፍ ተስፋ አለው ወይስ እስኪያልቅ ዝም ብሎ ይቀመጣል? አሳታሚው በነፃ ልኮላችሁ ከሆነም ከመጀመሪያው ተናገሩ። አንዴ ብቻ ተጫውታችሁት ከሆነ ደግሞ ነጥቡን ያዙትና ቆይታችሁ ስጡት።