ለወገብ ሕመም ጫማ አትዘዙልን

ሰሞኑን አንድ የጤና አማካሪ ነኝ ባይ የለቀቀው ቪዲዮ አናዶኛል። የከረመ የወገብ ሕመም ዋና መንስኤው ጫማ ነው አለ። ጠፍጣፋ ሶል ወገብን ይጎዳል አለ። ይባስ ብሎ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው ሰዎች ሶሉ ከፊትና ከኋላ እንደ ጀልባ ወደ ላይ የተቀለበሰ ልዩ ጫማ እስኪያገኙ ድረስ የእግር ጉዞ እንዲቀንሱ መከረ። ብዙ ሰው አምኖ ተቀባበለው።

ከጠፍጣፋው ሶል እንጀምር፤ ተፈትኖ የወደቀ አባባል ነውና። የኪንግስ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 115 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን ያንን የተቀለበሰ ሶል ያለው ጫማ ሰጡ። ለሌላው ጠፍጣፋ ስኒከር። ሁሉም ቆመው ወይም እየተራመዱ በቀን ቢያንስ 2 ሰዓት እንዲያደርጉት ተነገራቸው። ለ4 ሳምንታት ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ስፖርትና ትምህርት ነበራቸው። ከዚያ እስከ አንድ ዓመት ተከታተሏቸው። በ2013 የወጣው ውጤት (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ግልጽ ነው፤ ልዩው ጫማ ከተራው አልበለጠም። ጭራሽ፣ ሲቆሙና ሲራመዱ ለሚብስባቸው ሰዎች የተሻለው ጠፍጣፋው ሆኖ ተገኘ!

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነውና። ሁለቱም ቡድኖች ተሽሏቸዋል። ልዩውን ጫማ ያደረገውን ሰው ብቻ ነጥላችሁ ብትጠይቁት “ጫማው አዳነኝ” ሊል ይችላል። አይዋሽም። በእርግጥ ተሽሎታል። ግን ጠፍጣፋ ስኒከር ያደረገውም ተሽሎታል። ሁለቱም ተንቀሳቅሰዋል፣ ሁለቱም ተምረዋል፣ ለሁለቱም ጊዜ አልፏል። የወገብ ሕመም ደግሞ አንዴ ይብሳል፣ አንዴ ይረግባል። ሰው ጫማ የሚቀይረው ሲብስበት ነው፤ ሲረግብለት ምስጋናው ለጫማው ይሄዳል። ስለዚህ የ“እኔን አድኖኛል” ምስክርነት መቶም ይሁን ሺህ፣ የሚነጻጸር ቡድን ከሌለው ምንም አያረጋግጥም። ቪዲዮው ግን ከምስክርነት ሌላ ያቀረበው ነገር የለም።

ይህን ፊልም ከዚህ በፊት አይተነዋል። ሪቦክ በ2011 25 ሚሊዮን ዶላር፣ ስኬቸርስ በ2012 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማሙት፣ ጫማችን ሰውነት ይቀርጻል ብለው ያስተዋወቁት ማስረጃ የለውም ተብለው ነው። የስኬቸርስን ጫማ በማስታወቂያ ላይ በጥናት ደግፎ የቀረበው ባለሙያ፣ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዳለው፣ ለጥናቱ ኩባንያው የከፈለው ሰው ነው። ሚስቱም የዚያው ኩባንያ የማርኬቲንግ ኃላፊ ነበረች። የጫማ ገበያ “ጥናት” ሲል ጆሮ ማቆም ያለብን ለዚህ ነው።

ረጅም ታኮን ግን አልከራከርለትም። እርምጃን ያሳጥራል፣ ለዓመታት ሲዘወተር የባት ጡንቻን ያሳጥራል፣ ጣቶችን ይጨቁናል። ካስቸገራችሁ አውልቁት። ጫማ ውስጥ የሚገባው ንጣፍ ደግሞ የወገብ ሕመምን እንደማይከላከል ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ተቋም በ2007 ባወጣው ግምገማ ነግሮናል።

ከሁሉ የከፋው ግን “ጉዞ ቀንሱ” የሚለው ነው። ወገቡን የሚያመው ሰው ድሮም ቀስ ብሎ፣ አጭር እየረገጠ፣ ገትሮ ነው የሚሄደው። የጀርባ ጡንቻው ዘና ማለት ባለበት ሰዓት እንኳ እንደተወጠረ ይቆያል። ይህን ሰው አትራመድ ማለት ፍርሃቱን ማጽደቅ ነው። በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ከወገብ ሕመም በቅርቡ ያገገሙ 701 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። በባለሙያ እየተመከሩ የእግር ጉዞ ከለመዱት መካከል ግማሾቹ ሕመሙ ሳይመለስባቸው 208 ቀን ቆዩ። ምንም ካልተደረገላቸው ግን 112 ቀን ብቻ። ይህን ያህል ለውጥ ያመጣ ሶል ካለ አምጡና አሳዩን። በ2020 ብቻ 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ሕመም ነበረበት። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ “መጀመሪያ ጫማ ግዛ” ማለት ነውር ነው።

የሚመቻችሁን ጫማ አድርጉና ውጡ። 10 ደቂቃም ይበቃል፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሩበት። እግራችሁ እየሰነፈ ከሄደ፣ ብሽሽታችሁ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ፤ እሱ የጫማም የእግር ጉዞም ጉዳይ አይደለም።